ሁለቱም ልክ ናቸው

ሚያዝያ 11 ቀን 1993፣ አዋሽ

ዛሬ ግማሽ ቀን የፈጀሁት በአንድ ቃል ነው። ሰሊጡ ጅቡቲ ወደብ ላይ ዘጠኝ ቀን ስለዘገየ ለገዢው ድርጅት ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ። "ዊ አር ሶሪ" ልበል ወይስ "ዊ ሪግሬት"? ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የትኛውም ፈታኝ ቀይ እስክሪብቶ አያስነካቸውም። ግን "ሶሪ" ያለ ሰው ጥፋቴ ነው እያለ ነው። "ሪግሬት" ያለ ሰው ደግሞ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ነገሩ አሳዝኖኛል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ግን አላልኩም ይላል። "ሪግሬት" ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክለ ማርያም አነበቡትና "አየህ፣ አስተማሪ የቀጠርኩት ለዚህ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ሲያመሰግኑኝ እንደ ተማሪ ደስ ይለኛል፤ ይሄ ነገሬ ያናድደኛል።

ዐሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ አሁን የጭነት መኪና ድርጅት ደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ። ሾፌሮቹ "ቲቸር" ይሉኛል፤ ማሾፍ ሲያምራቸው "እንግሊዙ"። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮው ተዘግቶ ከተማው በሙሉ ይተኛል። እኔ ላቤን እየጠረግሁ ጣሪያ ማየት ሰለቸኝና ይህን ደብተር ገዛሁ።

ኑሀሚንና ልጃችን ኩኩ ኮምቦልቻ ናቸው። ባለቤቴ እዚያ ታስተምራለች። ከዚህ በአዲስ አበባ ዞሮ ለመድረስ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ለፋሲካ ስሄድ ኩኩ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀችብኝ። አራት ዓመቷ ነው፤ አልፈርድባትም።

ሚያዝያ 15

ጋሽ ጥሩሰው ነገ ወደ ጅቡቲ ይወጣል። እሱና ሚስቱ እትዬ ሠርካዲስ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ነው የተከራዩት። ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል፤ የሸዋ ሮቢት ሰው ነው። እትዬ ሠርካዲስ ደግሞ ብቻዬን ስበላ ማየት አትችልም። "ወንድ ልጅ ብቻውን ሲያኝክ ያስጠላኛል፣ ና ውጣ" ትለኛለች፤ ዛሬም ምሳዬን እነሱ ጋ በላሁ።

ጠዋት ጋሽ ጥሩሰው ከአቶ ተክለ ማርያም ጋር ሲነጋገር ነበር። የእኔንና የእሳቸውን ቢሮ የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። እኔ በፋክሱ ተይዤ ነበር፤ የሰው ነገር የማዳመጥ ልማድ የለኝም።

ሲወጣ በሩን በኃይል ዘጋው። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

ሚያዝያ 17

አደጋ። በጅቡቲ መንገድ፣ ገዋኔ መግቢያ ላይ። የጋሽ ጥሩሰው መኪና። ግመል የሚያሻግሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሞተዋል። እሱ ደህና ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ አስገብተውታል። ስልክ እየጮኸ ነው። እትዬ ሠርካዲስ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ተነሽ ቢሏት አትነሳም።

ሚያዝያ 19

አቶ ተክለ ማርያም ቃሉን እንድቀበል ወደ ገዋኔ ላኩኝ። ጭነቱ መድን የተገባለት ውጭ አገር ስለሆነ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ መሄድ አለበት። የእኛ አሠራር ይህ ነው፦ ሾፌሩ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ በእንግሊዝኛ አዘጋጃለሁ፣ ከዚያ ሾፌሩ እንግሊዝኛው ላይ ይፈርማል። አማርኛው የትም አይቀመጥም። ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም ሰው ለምን ብሎ አያውቅም፤ እኔም አላልኩም።

ጋሽ ጥሩሰው ከጣቢያው ጀርባ ዳስ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጺሙ በሁለት ቀን ነጭ ሆኗል።

"ፍሬን በጠሰብኝ፣ ወንድሜ ፍቅሬ" አለኝ። "ረገጥኩት፣ ባዶ። ደግሜ ረገጥኩት፣ ባዶ። ማርሽ መለስኩ፣ ጥሩምባ ለቀቅኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ሽማግሌው መሸሽ ይችሉ ነበር። ግልገሏን ገፍተው አሳለፉና እሳቸው ቀሩ።"

ጻፍኩ። ሲጋራ ለኮስኩለት፤ አላጨሰውም፣ ጣቱ ላይ አለቀ።

"ለአቶ ተክለ ማርያም ነግሬያቸው ነበር እኮ" አለ። "ፍሬኑ አየር ያሳልፋል፣ ጋራዥ ይግባ ብያቸው ነበር። 'ከገላፊ ድንበር ስትመለስ ይታያል፣ ስምሪት አታበላሽ' አሉኝ። አንተም..." አለና አየኝ። እኔ ወረቀቱን እያየሁ ነበር። ንፋሱ ወረቀቱን ያበላሽብኝ ስለነበር ነው።

ሚያዝያ 22

ሪፖርቱን ጻፍኩ። አንድ ገጽ። በመጀመሪያ "ዘ ድራይቨር ዋዝ አንኤብል ቱ ስቶፕ" ብዬ ነበር፤ ሾፌሩ ማቆም አልቻለም ማለት ነው። አቶ ተክለ ማርያም ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

"ይሄ ነገር ጥያቄ ያመጣል። ያላስቻለው ምንድነው? አይሉንም?"

"ፍሬኑ ነዋ።"

"እሱ ያለው ነው። መካኒክ ነው እንዴ?" በሩን ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ወንድም ነው የነገሩኝ። መኪናው ችግር እንዳለበት እያወቅን አሰማርተን ከሆነ መድን ሰጪው አይከፍልም። ካልከፈለ ድርጅቱ ይዘጋል፤ አርባ ሦስት ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ጥፋቱ የሾፌሩ ከሆነ ግን ይከፍላል። "ለእሱም ቢሆን እኛ ስንኖር ነው ጠበቃ የምናቆምለት" አሉ። "አጠር ያለ አባባል የለህም?"

"'ፌይልድ ቱ ስቶፕ' ይባላል" አልኩ።

ከአፌ ነው የወጣው። ማንም አላስገደደኝም።

"ልክ ነው? ስህተት የለውም?"

"የለውም። ሁለቱም ልክ ናቸው።"

"ሁለቱም ልክ ከሆኑ ታዲያ ምን አስጨነቀህ?"

ወረቀቱን መልሼ ወሰድኩ። በእርግጥም መኪናው አልቆመም፤ ይህ በሁለቱም ውስጥ አለ። ውሸት አልጻፍኩም። "ፌይልድ ቱ" አጭር ነው፣ በሪፖርት ቋንቋ የተለመደ ነው፣ ማንኛውም ጥሩ ጸሐፊ ይመርጠዋል። ስለ ፍሬኑ ያለውን ዐረፍተ ነገር ያወጣሁትም አንቀጹን ስላረዘመው ነው።

ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳስተምር "ፌይልድ ቱ" ውስጥ ማድረግ የሚገባው ሰው አለ እል ነበር። ማድረግ ይገባው ነበር፣ ሳያደርግ ቀረ። "አንኤብል" ውስጥ ግን ሰውየው ታግሏል። ተማሪዎቹ አይገባቸውም ነበር፤ በፈተና ላይም አይመጣም።

ስወጣ አቶ ተክለ ማርያም ሰመራ ላይ ቅርንጫፍ እየከፈትን ነው አሉኝ። የደብዳቤ ክፍል ኃላፊ ይፈለጋል። ቤት አለው። ከሰመራ ኮምቦልቻ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ሚያዝያ 23

ገዋኔ ደርሼ መጣሁ። ጋሽ ጥሩሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ገልብጦ አየው። ላንብብልህና ልተርጉምልህ አልኩት። ብያለሁ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

"አንተ ከጻፍከው ምን አነባለሁ? ጸሐዩ አናትህን ሳይመታህ ቶሎ ሂድ" አለና ፈረመ። ፊርማው ሰፊ ነው፤ ስሙን ሙሉውን ነው የሚጽፈው፣ አንድም ፊደል አያስቀርም።

ደግሜ ላንብብልህ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ሚያዝያ 26

ፋክሱ ሄደ። ሙቀት። ምንም።

ግንቦት 3

የመጋዘን ጠባቂያችን ሙሐመድሰዒድ ለሟቹ ለአቶ ሐንፈሬ በጎሳ ዘመድ ነው። ዐሥር ቀን ለቅሶ ተቀምጦ ዛሬ ተመለሰ። "አላህ ይርሐማቸው" አልኩት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዳጉ ተለዋወጥን። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ የመጣበትን አገር ወሬ አንድ በአንድ ይሰጣል፣ የሌላውን ይቀበላል። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ሙሐመድሰዒድ ግን ከለመደኝ ወዲህ አያስቀርብኝም።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር አለኝ። የሟቹ ልጆችም፣ መንገድ ላይ የነበሩ እረኞችም። ጋሽ ጥሩሰውን ከፖሊስ ጋር አምጥተውት ነበር። አንዱ እረኛ "መኪናው ገና ሩቅ ሳለ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ፤ ሰውየው በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ነበር። ይህን አየሁ" ብሏል። ጋሽ ጥሩሰው አልቅሷል። ሽማግሌዎቹም ይህ ሰው መግደል አልፈለገም፣ ካሣው በመኪናው ባለቤት ላይ ነው፣ ከእሱ ጋር ደም የለንም ብለው ተነስተዋል። የሟቹ ትልቅ ልጅ ውሃ ሰጥቶታል።

"ወላሂ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ እዚያው ነበርኩ" አለ ሙሐመድሰዒድ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "ዳጉ ላይ ይህን አየሁ፣ ይህን ሰማሁ ብለህ ለየብቻ ነው የምታስቀምጠው። ቀላቅሎ የሰጠን ሰው ሁለተኛ ወሬ አይጠይቀውም። ጥሩሰው ከመውጣቱ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገባ አይቻለሁ። ተናዶ ሲወጣም አይቻለሁ። ውስጥ ያሉትን ግን አልሰማሁም፤ እኔ በር ላይ ነበርኩ። አንተ ነህ ከግድግዳው ወዲህ የነበርከው።"

ፋክስ እየላክሁ ነበር አልኩት። "እሺ" አለና ተነስቶ ሄደ። በምን ፋክስ ነበር የተያዝኩት? ዛሬ መዝገቡን አየሁ። በዚያ ቀን የተላከ ፋክስ የለም።

ግንቦት 11

መድን ሰጪው ጻፈ። ጨዋ ደብዳቤ ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት የታወቀ ብልሽት ነበረው ወይ ይላል። እንደዚህ በቀጥታ ጠየቁ። አንድ መስመር ብቻ።

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። እነሱ ካነሱት እኔ አላነሳሁትም ማለት ነው። የተስተካከለ መልስ አረቀቅኩ፦ ሾፌሩ ስለ ፍሬኑ አመልክቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ሪፖርት "ፌይልድ ቱ" የተባለው "ዋዝ አንኤብል ቱ" ተብሎ ይታረም። ሰባት መስመር። እንግሊዝኛው ያምር ነበር።

አቶ ተክለ ማርያም ግን ሳላሳያቸው ቀድመው ገቡ። "'ኖ ዲፌክት ዋዝ ኖውን' በልና ጨርሰው" አሉኝ። የታወቀ ብልሽት የለም። እኔ እዚህ ላይ ተከራከርኩ። ተከራከርኩ ስል "ኖውን ይከብዳል" አልኩ። "ኖ ዲፌክት ዋዝ ሪኮርድድ" ይሻላል አልኩ፤ በመዝገብ የሰፈረ ብልሽት የለም ማለት ነው። ይሄ እውነት ነው። መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ በቃል ነው የተነገረው። አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው፣ "አየር ያሳልፋል፣ ሰው እጨርሳለሁ" ብሎ።

አቶ ተክለ ማርያም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ረቂቄ መሳቢያ ውስጥ ነው። አልቀደድኩትም።

ግንቦት 12

ሚካኤል ነው፣ እሑድም ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥሩ ጋ ቆሜ መለስኩ፤ ገብቼ መቆም አልቻልኩም። እንግዲህ አልቻልኩም ነው ወይስ ሳልገባ ቀረሁ? ተው አንተ ሰው፣ እሑድን እንኳ ተወው።

ግንቦት 20

ጋራዡ መኪናውን ጎትቶ አመጣው። በሁለት ቀን ፍሬኑ ተለወጠ። መርማሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "ፍሬኑ ይሠራል" ብሎ ፈረመና ሄደ። አየሁ። ይህን እንኳ አየሁ፣ በዓይኔ።

ግንቦት 24

ከኑሀሚን ደብዳቤ። ኩኩ ሳሏ አልለቀቃትም። "ሰመራ ብትዛወር ትምህርት ሲዘጋ ጠቅልለን እንመጣለን፤ ሙቀቱን እንችለዋለን፣ አንተን ማጣቱን ነው ያልቻልነው" ትላለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አለቀስኩ። ለእነሱ ነው። ለማን ብዬ ነው ታዲያ?

አቶ ተክለ ማርያም "የዝውውር ደብዳቤህ በቅርቡ ይወጣል" አሉኝ።

ሰኔ 6

እትዬ ሠርካዲስ በሬን አንኳኳች። አልተቀመጠችም። ድርጅቱ ጠበቃ አላቆመም፤ ሾፌሩ በራሱ ቃል ጥፋቱን አምኗል ብሎ አሰናብቶታል። ዐቃቤ ሕጉ እንግሊዝኛውን ወረቀት ከመድን ሰጪው ጠበቃ አግኝቶ አዲስ አበባ አስተርጉሞታል። የትርጉሙን ቅጂ በእጇ ይዛለች። አንብበው አለችኝ።

አነበብኩ። ማኅተም ያለበት፣ የተመዘገበ ተርጓሚ የሠራው ነው። "ሾፌሩ ማቆም ሲገባው ሳያቆም ቀርቷል።" ጥሩ ትርጉም ነው። እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምተረጉመው።

"እሱ እንዲህ አላለም" አለች። "እንዲህ የሚል ሰው አይደለም። ፍሬን በጠሰብኝ ነው ያለው፤ ፖሊስም ጋ ያለው እሱን ነው። ይሄ ፈረንጅኛ ሲገላበጥ ነው የተበላሸው አይደል?"

"ሊሆን ይችላል" አልኩ። ሊሆን ይችላል! ወይ እኔ!

"ታዲያ አንተ ሰኔ ሃያ አንድ ገዋኔ ፍርድ ቤት ትመጣና እንዲህ ነው ያለኝ ትላቸዋለህ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ከአደጋው በፊት ስለ ፍሬኑ ሲናገር ሰምተህ ከሆነም ያንንም ትላለህ። ሙሐመድሰዒድ ያየውን ሊናገር ፈቅዷል፤ እሱ የሟች ዘመድ ሆኖ።"

"እመጣለሁ" አልኩ።

ጉንጬን ሳመችኝ። እጇ ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ ለሰው ቤት ወጥ መሥራት ጀምራለች።

ሰኔ 7

እሄዳለሁ። ሥራው ቢቀር ይቅር። ማስተማር እችላለሁ። የሰማሁትን ቃል በቃል ጽፌ ያዝኩ።

ሰኔ 9

አቶ ተክለ ማርያም፦ "ፍርድ ቤት ልትሄድ ነው ይባላል። ሂድ፣ መብትህ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስብ፤ ወረቀቱን የጻፈው ማነው ይሉሃል። እያወቅህ ነው የጻፍከው ይሉሃል። እሱን ልታወጣ ገብተህ አንተ እንዳትቀር። ልጅ አለህ።"

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 14

የዝውውሩ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰኔ 20 ሥራ እንድጀምር ይላል። ቀኑን ማን መረጠው? አልጠየቅሁም። ሰኔ ሃያ ሰመራ ደርሼ፣ ሪፖርት አድርጌ፣ በማግሥቱ ማለዳ በጭነት መኪና ገዋኔ እመለሳለሁ። ይቻላል። ሾፌሮቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ።

ለእትዬ ሠርካዲስ እንዲሁ ነገርኳት። "አንተ ካልክ እሺ" አለችኝ። ዕቃዬን አብራኝ አሰረች።

ሰኔ 20፣ ሰመራ

ደረስኩ። ገዋኔን ስናልፍ መጋረጃውን ጋረድኩት፤ ጸሐዩ በዚያ በኩል ነበር።

ሰኔ 21

ሆዴን አሞኛል። ከማለዳ ጀምሮ። አጠገባችን ያለችው ሎግያ፣ መኪና መያዣው ድረስ ሄጄ ነበር። ሁለት መኪና ወደ ገዋኔ ሲሄድ አይቻለሁ። የአንዱ ሾፌር "ቲቸር፣ ልውሰድህ?" ብሎኛል። ሆዴን ስለያዘኝ መለስኩ።

አራት ሰዓት። አሁን ችሎቱ ተሰይሟል።

ስድስት ሰዓት። ሆዴን ተወኝ።

ሰኔ 27

ሰመራ ገና እየተሠራች ያለች ከተማ ናት። ከቤት ይልቅ የቤት መሠረት ይበዛል፤ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ያራግፋሉ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ ውሃ በአንድ ቀን ልዩነት ይመጣል። ለኩኩ አልጋ ገዛሁ።

ሙሐመድሰዒድ ዕቃ አድርሶ ሊመለስ መጥቶ ነበር። ቢሮ በር ላይ ቆመ። ችሎቱን ነገረኝ፤ ቁጭ ሳይል ነው የነገረኝ። ዳኛው ወረቀቱን አሳይተው ጋሽ ጥሩሰውን "ፊርማው ያንተ ነው?" ብለውታል። "የእኔ ነው ጌታዬ።" "አንብበህ ነው የፈረምከው?" "አላነበብኩም፤ የጻፈው ወንድሜ ነው፤ እሱ ይመጣል፣ ይነግርዎታል።" ጠብቀዋል። ዳኛው አንድ ጉዳይ በመሐል አይተው እንደገና ጠርተዋል። ሙሐመድሰዒድ ያየውን ተናግሯል፤ ገባ፣ ተናዶ ወጣ። "ምን ሲባባሉ ሰማህ?" ሲሉት "አልሰማሁም" ብሏል።

በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሦስት ዓመት።

"ዋሽቼ ሰማሁ ልል አስቤ ነበር" አለኝ። "አልሆነልኝም።" ከዚያ ሄደ። ሌላ ወሬ አልጠየቀኝም። ሌላ ጊዜ ስንገናኝ ጤናዬን፣ ልጄን፣ ዝናቡን ሳይጠይቅ አይለየኝም ነበር።

ፈሪ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ የምመርጥበት የለም።

ሐምሌ 9

ኑሀሚንና ኩኩ መጡ። ኩኩ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ሮጣ መጥታ እግሬን አቀፈች። እናቷ መንገድ ሙሉ ስታስተምራት ነው የመጣችው መሰለኝ። ቢሆንም።

ኑሀሚን "ከሳህ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

ሐምሌ 16

ድርጅቱ ከመድን ሰጪው ካሣ ተከፍሎታል። ከአዋሽ በፋክስ ደረሰኝ፣ "የምስጋና ደብዳቤ አዘጋጅ" የሚል ትእዛዝ አለው። አዘጋጀሁ። በ"ግሬትፉል" እና በ"ታንክፉል" መካከል ብዙ አልቆየሁም፤ ሁለቱም ምስጋና ናቸው። የመጀመሪያውን ጻፍኩ።

መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ረቂቅ አዋሽ ረስቼው መጥቻለሁ። ወይ አውጥተውታል ወይ አይጥ በልቶታል።

ሐምሌ 24

እትዬ ሠርካዲስ መጣች።

በምሳ ሰዓት፣ በዚያ እሳት በሆነ ጸሐይ፣ ከሎግያ በእግሯ። ነጠላዋን በአናቷ ጥላ በሩ ላይ ቆመች። በጣም ጠቁራለች። በመጀመሪያ ያልኩት "ይቅር በይኝ፣ አሞኝ ነው" ነው። ሆዴን መሆኑንም ጨመርኩ።

"ይገባኛል፣ ይሄ አገር ውሃው ነው" አለች። ይገባኛል አለችኝ! ምነው ጮሃ በሰደበችኝ። የመጣችው ለሌላ ነበር። ይግባኝ የሚባልበት ቀን ሊያልፍ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የገዋኔው ራፖር ጸሐፊ ሊጽፍላት ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሽ ጥሩሰው ግን እምቢ ብሏል። "ፍቅሬ ይጻፍልኝ፤ በቃል የማምነው እሱን ነው፤ ያኛውንም ያበላሸው ተርጓሚው ነው" ብሏታል።

ኑሀሚን ውሃና ምሳ ሰጠቻት። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። በአማርኛ። እንደዚህ ጽፌ አላውቅም። የሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱን ጻፍኩ፣ ጥሩምባውን ጻፍኩ፣ የሟቹ ልጅ ውሃ መስጠቱን ጻፍኩ፣ ፍሬኑ ከምርመራው በፊት መለወጡን ጻፍኩ። ከመነሳቱ በፊት ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቱንም ጻፍኩ። "ይህንንም የሰማ" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያ ሰው ከነስሙ፣ ከነአድራሻው ካልተጻፈ ይግባኙ አየር ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኩኩ ወለሉ ላይ ቆርኪ እየደረደረች ትጫወት ነበር። ኑሀሚን በሹክሹክታ ትዘፍንላት ነበር።

"ይህንንም የሰሙ ሰዎች እንዳሉ ይታመናል" ብዬ ጻፍኩና ነጥብ አደረግሁ።

እትዬ ሠርካዲስ ፊደል ቆጥራለች። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ቀስ ብላ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ቀና አለች።

"ያንተ ስም የቱ ጋ ነው?"

"ማመልከቻ ላይ ጸሐፊው ስሙን አይጽፍም" አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"እሺ" አለች። "አንተ ታውቃለህ።"

ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ አውጥታ ለኩኩ ሰጠቻት፤ አገላብጣም ሳመቻት። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሎግያ ተመልሳ ወረደች። በሩ ላይ ቆሜ እስክትርቅ ድረስ አየኋት፤ አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም፣ ጸሐዩ ፊት ለፊቷ ነበር።

ኑሀሚን ሳህኑን እያነሳች "ደግ ሴት ትመስላለች። ምንህ ናት?" አለችኝ።

"ጎረቤቴ ነበረች" አልኳት።